ጽዋው ቀጥሎ ወደ ማን ይሂድ?

በሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ወላጆችና ወጣቶች የተደረገ ዲስኩር



በዚህ የሜልበርን ክረምት፣ ገሚሳችሁ ከሥራ በቀጥታ፣ ገሚሳችሁ ነገ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሺፍት እያለባችሁ፣ ከታርኒትና ከሜልተን ድረስ ነድታችሁ መምጣታችሁን ቀላል አድርጌ አላየውም። የወጣቶቹ ኮሚቴ ደውሎ «ስለ ጥሞናና ስለ አገልግሎት ሕይወት ይናገሩልን» ሲለኝ እምቢ ብዬ ነበር። ሰባኪ አይደለሁም፤ ኡስታዝም አይደለሁም። እንጀራዬ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሰው ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ከአልጋ ማንሳት ነው። የደወለልኝ ልጅ ግን «እርስዎን የመረጥነው ለዚሁ ነው» አለኝ። መልስ አጣሁለት፤ ይኸው መጣሁ።

የምናገረው በሦስት ይከፈላል። መጀመሪያ «አገልግሎት» የሚለውን ቃል እኛ እዚህ ምን እንዳደረግነው እናያለን። ቀጥሎ እናቶቻችንና አባቶቻችን ጸሎትን ከሥራ ጋር እንዴት እንዳጋመዱት አነሳለሁ። በመጨረሻ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ አጭር ነው፣ የመጣሁትም ለእሱ ነው። ዓመት ስጠራ «ዓ.ም.» ካላልኩ በዚህ አገር አቆጣጠር ያዙልኝ።

ከቃሉ እንጀምር። «እገሌ እኮ አገልጋይ ነው» ሲባል ምን ይታያችኋል? ነጭ ነጠላ፣ ከበሮ፣ ማይክሮፎን። አንድ ልጅ «ዛሬ አገልግሎት አለኝ» ካለ መዝሙር ልምምድ ሊሄድ ነው። ዘማሪ መንቀፌ አይደለም፤ የገዛ ልጄ ከበሮ መቺ ናት፣ ስትመታም ደስ ይለኛል። ቃሉ ግን ጠበበብን። በጥንቱ አማርኛ አገልጋይ ማለት ውሃ የሚቀዳ፣ የእንግዳ እግር የሚያጥብ፣ ሌላው ሲቀመጥ የሚቆም ሰው ነበር።

ሌላ ደግሞ «እርዳታ» የምንለው አለ። አገር ቤት ችግር ሲሰማ በአንድ ምሽት አዳራሽ ተከራይተን፣ አንድ ድፎ ዳቦ ለጨረታ አቅርበን፣ በዳቦ ዋጋ ሳይሆን በመኪና ዋጋ ስንሸጠው ታውቁታላችሁ። በዚህ የሚስተካከለን የለም። በማግስቱ ደረሰኙ ይላካል፣ ፎቶው ይለጠፋል፣ ወደየሥራችን እንሄዳለን።

እንግዲህ ይህን አስተውሉልኝ። ጥሞናችን ጉባኤ ሆኖ አዳራሽ ውስጥ ቀረ። እርዳታችን ደረሰኝ ሆኖ ባንክ ውስጥ ቀረ። ሁለቱም መልካም ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር በር ግን የለንም። ዛሬ ማታ ደጋግሜ የምመለሰው ወደዚህች በር ነው።

በሩ ሲከፈት ያየሁት በሌሎች ሰዎች እጅ ነው። ሰኔ 27 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ጁላይ 4 ቀን 2020፣ የቪክቶሪያ መንግሥት በፍሌሚንግተንና በኖርዝ ሜልበርን ያሉትን 9 የመንግሥት መኖሪያ ሕንፃዎች በኮሮና ምክንያት ያለ ማስጠንቀቂያ ዘጋ። ወደ 3000 ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ ተነገረ፤ ወዲያው ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ። ወተት ሊገዛ የወጣ ተመልሶ ገባ፤ የገባ አልወጣም። በእነዚያ ሕንፃዎች ሶማሌው፣ ኤርትራዊው፣ ሱዳኑ፣ ቬትናሙና የኛም ሰው እንደሚኖር ታውቃላችሁ፤ ከመካከላችሁም ልጆቻችሁን እዚያ ያሳደጋችሁ አላችሁ። ስምንቱ ከአምስት ቀን በኋላ ተከፈቱ። አልፍሬድ ስትሪት ቁጥር 33 ግን 14 ቀን ተዘግቶ ቆየ። የግዛቲቱ እንባ ጠባቂ በዲሴምበር ባወጣችው ሪፖርት ያ የቅጽበት አዘጋግ የነዋሪዎቹን ሰብአዊ መብት የጣሰ ነው ብላለች።

ለመሆኑ በዚያ ሳምንት እኔ ምን ሠራሁ? አምሳ ዶላር ላክሁ። ስልኬን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አድርጌ ላክሁና ኅሊናዬ እንደ ጠገበ ሕፃን ተኛ። በእኔ ፈንታ ሌሊት ያልተኙት በኖርዝ ሜልበርን ያለው የሙስሊሞች የማኅበራዊ አገልግሎት ድርጅት ወጣቶች ናቸው። የድርጅቱ ምህጻረ ስም ሲጠራ «አምሳ» ነው የሚለው፤ ከኔ አምሳ ዶላር ጋር የገጠመው በአጋጣሚ ነው፣ ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ነዋሪዎች ከመንግሥት የመጣው ምግብ ዘግይቷል፣ ሃላል አይደለም ብለው ሲያማርሩ፣ እነዚህ ልጆች መስጊድ ሄደው በሚሰግዱበት ሰፈር መጋዘን አበጅተው ሩዝና ዘይት፣ ዳይፐርና መድኃኒት በየስሙ ከፋፍለው ያደርሱ ነበር።

ለኛ ደግሞ የሰኔ ጾም ነበር። እዚያ የምትኖር አንዲት የማውቃት እናት በኋላ እንደነገረችኝ፣ አንድ የማታውቀው የሶማሌ ልጅ ደውሎ ምን እንደሚያስፈልጋት ጠየቃት። ጾመኛ መሆኗን ስትነግረው ወተቱንና እንቁላሉን አስወጥቶ ምስርና ሽሮ አስገባላት። «የሰኔን ጾም ያከበረልኝ ሙስሊም ነው» ትላለች እስከ ዛሬ። ከኛ ወገን የደወለላት ሰው ደግሞ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን፣ አይዞሽ ሊላት። ይህ የማንም ቤተ ክርስቲያንና የማንም ማኅበር ነውር አይደለም፤ የኔ የአምሳ ዶላሩ ሰውዬ ነውር ነው።

ሲኮችንም ሳልጠቅስ አላልፍም። በ2019 እና በ2020 መካከል በነበረው በዚያ ክፉ የሰደድ እሳት በጋ፣ ጥምጥም የጠመጠሙ ሰዎች ከሜልበርን በቫን ምግብ ጭነው እሳቱ ወዳለበት ወደ ምሥራቅ ቪክቶሪያ ሲነዱ ዜና ላይ አይተናል። በኮሮናውም ጊዜ እነሱው ነበሩ። ይህን ማንም ስብሰባ ጠርቶ አላስወሰናቸውም። የሲኮች ቤተ ጸሎት ካለ ወጥ ቤቱ አለ፤ የጸለየ ሁሉ ወለል ላይ ተቀምጦ ይበላል፣ ያልጸለየም ይበላል፣ ሳህኑን የሚያጥበው የሚጸልየው ራሱ ነው። ቫኑ የዚያ ወጥ ቤት ቅጥያ ነው። በሩ ቀድሞም ክፍት ስለነበር እሳቱ ሲመጣ መንገዱን መፈለግ አላስፈለጋቸውም።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። «ይሄ የነሱ ነው፣ የኛ ባህል ሌላ ነው» የሚል ካለ እባካችሁ የእናቱን ጽዋ ማኅበር ያስታውስ።

እናንተ ልጆች ስለማታውቁት ትንሽ ላብራራው። ጽዋ ማኅበር ማለት በአንድ ቅዱስ ስም የተሰበሰቡ ጎረቤቶች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ በሐዋርያት ቁጥር አሥራ ሁለት። የሚካኤል ከሆነ በየወሩ በ12፣ የማርያም ከሆነ በ21፣ የመድኃኔዓለም ከሆነ በ27 በተረኛው ቤት ይገናኛሉ። ተረኛው ዳቦ ይደፋል፣ ጠላ ይጠምቃል፣ ንፍሮ ይቀቅላል። ቄሱ ይባርካሉ። ማኅበሩን የሚመራው ሰው «ሙሴ» ይባላል፤ የዘገየውን ይቀጣል፣ የቀረውን ይጠይቃል። ደጅ ላይ የቆመ ነዳይ ሳይበላ ማኅበርተኛው ጠግቦ አይነሳም። በመጨረሻ በጨርቅ የተሸፈነው ጽዋ ይነሳና ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ይሰጣል፤ እሱም ተንበርክኮ ይቀበላል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የተጣሉ ሰዎች አብረው ጽዋ አይጠጡም፤ ስለዚህ ከመጠጣቱ በፊት «ማን ከማን ጋር ተጣልቷል?» ተብሎ ይጠየቃል፣ እርቅ እዚያው ይወርዳል። ሁለተኛ፣ «እገሊት ለምን ቀረች?» ይባላል። ታማለች ከተባለ ከስብሰባው ተነስተው ወደ እሷ ይሄዳሉ። ጸሎቱ፣ ራስን መመርመሩ፣ እርቁ፣ ለነዳይ ማብላቱ፣ ሕሙም መጠየቁ ሁሉ በአንድ ከሰዓት፣ በአንድ ጣራ ሥር። ማንም «ፕሮግራም» ብሎ አልጠራውም እንጂ እኔ ከዚህ የተሻለ ፕሮግራም አላየሁም። የወሎ ሰው ዱዓ የሚያደርግበትን ቡናም አስቡት፤ ጫቱና ዕጣኑ፣ ምርቃቱ፣ ከዚያ የጎረቤት ችግር ተነስቶ መዋጮው። መንገዱ አንድ ነው።

ስለ በሩ ስናወራ ወይዘሮ አበበች ጎበና ሊቀሩ አይችሉም። በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም የሄዱ አንዲት የአዲስ አበባ የቤት እመቤት ነበሩ። ወሎ ተርቧል። በመንገድ ላይ የያዙትን ዳቦና ጸበል ለወደቁት አደሉ። ከሞተች እናቷ ጡት ላይ ያልወረደች ሕፃን አገኙ። እንግዲህ ተሳላሚ ናቸው፤ አልቅሰው፣ ሻማ አብርተው፣ «እግዚአብሔር ይርዳቸው» ብለው ቢመለሱ ማንም አይፈርድባቸውም። እሳቸው ግን ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። በዓመቱ ቤታቸው ውስጥ 21 ልጅ ነበር። ባላቸው «ወይ እኔን ወይ እነሱን» አሉ፤ ዘመድ አበዱ አለ። ልጆቹን ይዘው ወደ አንድ የዶሮ እርባታ ጎጆ ወጡ፤ ከዚያ ጎጆ ስንት ሺህ ሕፃን እንደወጣ ታውቃላችሁ። በ2021 በኮሮና ሲያርፉ ቀኑ ጁላይ 4 ነበር፤ የፍሌሚንግተን ሕንፃዎች የተዘጉበት ቀን፣ ልክ በዓመቱ።

ልብ አላችሁ? ሴትዮዋ እርዳታ ለመስጠት አልወጡም። ለመሳለም ነው የወጡት። ጉዞው ዓይናቸውን ከፈተው፤ ያዩትን ደግሞ አላለፉትም።

አገልግሎቱ ብቻውን ሲሆንስ? እሱንም አይተናል። በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ልኮ እንዲያስተምሩ የሚያዝ ሥርዓት ጀመረ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ ተማሪና መምህር ገጠር ወረደ። ታላቅ ወንድሜ ከነሱ አንዱ ነበር። ፊደል አስተማረ፣ ጉድጓድ ቆፈረ፣ ገበሬ በባዶ እግሩ ሲያርስ አየ። ሲመለስ ግን የሚያስቀምጠውና «ምን አየህ? ምን ሆንክ?» የሚለው አላገኘም። የጠበቀው ሰልፍ ነው፣ ከዚያም ጥይት። ታሪክ ጸሐፊዎች ሌላ ምክንያት ይዘረዝሩ ይሆናል፤ እኔ ግን የዚያ ትውልድ ቁጣ ከፊሉ ያየውን ቁጭ ብሎ የሚያላምጥበት ጊዜና አባት በማጣቱ የመጣ ይመስለኛል።

ተቃራኒውን ለማየት 1983 ዓ.ም.ን አስታውሱ። ደርግ ሊወድቅ ሲል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ብላቴ ላከ። ጠመንጃ ሊማሩ የተላኩት ልጆች በየማታው ተሰብስበው መጸለይ ጀመሩ። ቀድመው በዝዋይ ከአቡነ ጎርጎርዮስ እግር ሥር የተማሩ ነበሩባቸው፤ ብፁዕነታቸው በ1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ካረፉ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ከዚያ ስብስብ በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ተወለደ፤ ዛሬ ግቢ ጉባኤ የምንለውን በየዩኒቨርሲቲው የምናየው ከዚያ ወዲህ ነው። ስለ ማኅበሩ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙ ዓይነት አስተያየት እንዳለ አውቃለሁ፤ ዛሬ አልገባበትም። የምለው አንድ ነገር ነው። በዚያ መከራ ውስጥ የጸሎት ጊዜ ያበጁ ልጆች፣ ሲወጡ የአብነት ትምህርት ቤቶችና ገዳማት ችግር ታያቸው። ጥሞናው ዓይን ሰጣቸው።

አሁን ወደ ሦስተኛው፣ ወደ መጣሁበት።

ከእኛ መካከል በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል የመጡት ያኔ ጎልማሶች ነበሩ። አሁን አርጅተዋል። አንዳንዶቹ መጦሪያ ገብተዋል፤ እኔ በየቀኑ አያቸዋለሁ። የመርሳት ሕመም ሲይዝ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው በኋላ የተማሩት ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛው ይሄዳል፤ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ትግርኛው ይቀራል። የሚሰማው ግን የለም።

አንዲት እማማ ነበሩ። በየማለዳው «ዛሬ ስንት ነው?» ይላሉ። ሠራተኛው በእንግሊዝኛ ቀኑን ይነግራቸዋል፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ አይሆንም ይላሉ። በመዝገባቸው ላይ «ቀን አትለይም» ተብሎ ተጽፏል። እኔ ወደዚያ ክፍል ስመደብ ጠየቅኋቸውና «ዛሬ 21 ነው አይደል?» አሉኝ። ስልኬን አውጥቼ የኛን አቆጣጠር አየሁ። 21 ነበር። ማርያም ነበረች። ሴትዮዋ ያለ ቀን መቁጠሪያ፣ ያለ ቤተ ክርስቲያን ደወል፣ የሚሰማቸው ሰው ሳይኖር፣ በልባቸው በዓላትን ይቆጥሩ ነበር። ቀን ያልለየነው እኛ ነን። መዝገቡ እንዲታረም ጻፍኩ፤ ከመታረሙ በፊት አረፉ።

ሐሳቤ ይኸው ነው። ጽዋ ማኅበር እንጀምር፤ የወጣቶች። አሥራ ሁለት ሰው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይግባበት፣ ስሙን ሌላ በሉት፣ ግድ የለኝም። በወር አንድ ቅዳሜ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ወደ አንድ አረጋዊ ሂዱ፤ መጦሪያም ይሁን ብቻቸውን የሚኖሩበት ክፍል። አንድ ሰዓት ተቀመጡ። ቋንቋችሁ ተሰባበረ ብላችሁ አትፈሩ፤ እነሱም እኮ እንግሊዝኛቸው ተሰባብሯል። ከዚያ ሁላችሁም በተረኛው ቤት ተገናኙ። ቡና ይፈላ። ግማሽ ሰዓት ዝም በሉ፤ ስልክ የለም፣ ስብከት የለም። ቀጥሎ እያንዳንዱ ያየውን ይናገር። «ምን አየሁ? ያየሁት ስለ እኔ ምን ነገረኝ? በሚቀጥለው ወር ምን አደርጋለሁ?» ይህን የጠየቅን እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ካርዲን የሚባሉ የቤልጅግ ካቶሊክ ቄስ ለወጣት ሠራተኞች «ማየት፣ መመዘን፣ መሥራት» ብለው ያስተማሩት መንገድ በ1940ዎቹ እዚሁ ሜልበርን ብዙ ወጣት አፍርቷል። ትንሽ ነው አትበሉኝ፤ በ1982 በሴንት ኪልዳ አንድ ቄስ ለአንድ ቤት አልባ ሰው በሩን ከፍቶ ምሳ አበላው፤ ዛሬ ያ ቦታ በዓመት 365 ቀን ምግብ ይሰጣል።

የወረቀቱ ነገር አይከብድም። የፌዴራሉ መንግሥት አረጋውያንን በበጎ ፈቃድ የሚጎበኙ ሰዎችን የሚያገናኝ ፕሮግራም አለው፤ ጎብኚው በዓመት ቢያንስ 20 ጊዜ እንዲሄድ ይጠበቃል፣ ስለዚህ በእሱ በኩል የምትመዘገቡ ከወሩ አንድ ቅዳሜ ሌላ ጥቂት ቀን ጨምሩ፤ ቋንቋና ባህል ያገናዘበ ምደባም ይደረጋል። የፖሊስ ማጣሪያ ያስፈልጋል። ከሕፃናት ጋር የሚሠራ ደግሞ የልጆች ደኅንነት ማረጋገጫ ያውጣ፤ በቪክቶሪያ ለበጎ ፈቃደኛ በነፃ ነው። ትምህርት ቤታችሁ የኤዲንብራ መስፍን ሽልማት ካለው ሰዓቱ ሊቆጠርላችሁ ይችላል። ለሰርተፊኬቱ ብላችሁ የምትጀምሩም ጀምሩ፤ እማማን ሁለት ጊዜ ካያችኋቸው በኋላ ሰርተፊኬቱን ትረሱታላችሁ።

ወላጆች፣ ከእናንተ አንድ ነገር ነው የምለምነው። ልጁ ቅዳሜ «ልሄድ ነው» ሲላችሁ «የቤት ሥራህስ?» አትበሉት። ከቻላችሁ ንዱለት። ካልቻላችሁ ዳቦውን ጋግሩለት።

አዘጋጆቹ አንድ ወረቀት በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አኑረዋል። አሥራ ሁለት መስመር አለው። የመጀመሪያውን ተረኛ እኔ ይዤዋለሁ፤ ቤቴ ሴንት አልባንስ ነው፣ ቡናውንም ልጄ ታፈላለች። አሥራ አንዱ መስመር ባዶ ነው፤ ብዕሩ ከጎኑ አለ።